የእማማ ሳይዩት ምላስና የአሥራ አምስተኛው ቦይ በር

እማማ ሳይዩት የቀርከሃ መቅጃቸውን ይዘው ወደ ቦዩ በር ሲወርዱ፣ አንዲት ወጣት ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ከወገቧ በላይ ወደ ውኃው ተንጠልጥላ አዩ። ክው አሉ። እሳቸው በሰባ ስድስት ዓመታቸው የማይፈሩት ነገር የለም። ነፋስ ያስፈራቸዋል፣ የሕፃን ሳል ያስፈራቸዋል፣ ሞተር ብስክሌት ያስፈራቸዋል፤ ከሁሉ አብልጦ ግን ውኃ ዳር የሚያጎነብስ ሰው ያስፈራቸዋል። መቅጃውን ጥለው፣ ጉልበታቸው ከሚፈቅደው በላይ ሮጠው፣ የልጅቷን ሸሚዝ ከኋላ ጨምድደው ያዙ።

«ተነሺ» አሉ እያለከለኩ። «ምንም ቢደርስብሽ ይሄ መፍትሔ አይደለም። ተነሺና መጀመሪያ ቁርስ ብዪ፤ ከዚያ ቁጭ ብለን እናወራበታለን።»

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እማማ፣ ይልቀቁኝ። መሣሪያው እጄ ላይ ነው፤ ይገባብኛል።»

«የምን መሣሪያ?»

ልጅቷ ተንሸራታ ወደ ኋላ ተመለሰችና ቁጭ አለች። ጉልበቷና ደረቷ በጭቃ ተለውሷል። በእጇ ረጅም ሽቦ ይዛለች፤ ከሽቦው ጫፍ ላይ ጣት የምታክል ዘንግ ተንጠልጥላለች። እማማ ሳይዩት ፊቷን ትኩር ብለው አዩና መሬቱን በተረከዛቸው መቱ።

«አንቺ የአፉንግ የልጅ ልጅ ኪትዪንግ አይደለሽም? መች መጣሽ? ለምን ከሳሽ? ከተማ ምግብ የለም እንዴ?»

«ትናንት ነው የመጣሁት፣ እማማ። ለዘር ልረዳ ነው። አልከሳሁም፤ እርስዎ ሁልጊዜ ከሳሽ ነው የሚሉኝ።»

«ከስተሽ ነው የምልሽ።»

ከተማው ከዚያ ሆኖ ይታያል። የጓንዡ ፎቆች በሰሜን በኩል በጭጋጉ ውስጥ ቆመዋል፤ በደቡብ ደግሞ ባሕሩ አለ። በመሃሉ ያለው ጠፍጣፋ መሬት ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ዕድሜ የሚቆጠረው በቦይ ነው። እማማ ሳይዩት የተወለዱት ባሕሩ ዘጠነኛው ቦይ ላይ ሳለ ነው። ተድረው በጀልባ ሲመጡ አሥራ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። የበኩር ልጃቸውን ያረገዙት የአሥራ አምስተኛውን ግድብ ጭቃ እየተሸከሙ ሲሆን፣ ከጎናቸው ቅርጫት የምትሸከመው ይህችው አፉንግ፣ የኪትዪንግ አያት ነበረች። መጀመሪያ ድንጋይ ይሰምጣል፤ በድንጋዩ ላይ ደለል ይቀመጣል፤ በደለሉ ላይ ቄጠማ ይተከላል፤ ቄጠማው ደለሉን ሲይዝ ሰው ጭቃውን በአካፋ እየቆረጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ፣ ግድብ ያቆማል። ዛሬ ባሕሩ ከአሥራ ዘጠነኛው ቦይ ወዲያ ተገፍቶ ሄዷል። ከተማው ጎመኑንም ሙዙንም ከዚህ ነው የሚያገኘው፤ የእኛ ሰዎች ይህን ለማንም ለመንገር አይሰለቹም።

እንዲህ ያለ መሬት ግን ልጅ ማለት ነው፤ ዐይን ከተነሣበት ይጠፋል። በበጋ ወንዙ ሲደክም ባሕሩ ቦዩን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ባሕሩ ከፍ ብሎ የወንዙን ውኃ ወደ ቦዩ በሚገፋበት በሙላት ሰዓት በሩ ሲከፈት የሚገባው ውኃ ጣፋጭ ከሆነ ሩዙ ይጠግባል፤ ጨው ከሆነ ይነድዳል። ስለዚህ የአሥራ አምስተኛው ቦይ ሃያ ሁለት ቤተሰብ አንድ ቀማሽ አለው። ቀማሿ በዘር ወር ጠዋት ጠዋት ወደ በሩ ትወርዳለች፤ በቀርከሃ ትቀዳለች፤ ጉንጯን ሞልታ ትይዛለች፤ በስተግራ ትተፋለች፤ ከዚያ «ይከፈት» ወይም «ይቆይ» ትላለች። ያንን ቃል የሚመልሰው የለም። እማማ ሳይዩት ሥራውን ከአማታቸው ከተረከቡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። አማታቸው እንዳስተማሯቸው፣ ምላስ እንዳይቆሽሽ በዘር ወር የጨው ዓሣ በአፋቸው አይዞርም። እንደ ጨው ዓሣ የሚወዱት ነገር አለመኖሩን ግን አገር ያውቃል።

የዚያ ዓመት በጋ ደግሞ ክፉ ነበር። ዝናብ ከጠፋ አርባ ቀን ሞልቶታል። የሩዙ ችግኝ በየመደቡ ላይ ጣት አክሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ግን ከሁለት ቀን በላይ አይዘልቅም። ቢደርቅም ችግኙ ያልቃል፤ ጨው ቢገባበትም ያልቃል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘራ ዘር ደግሞ ማንም ጎተራ ውስጥ የለም። እማማ ሳይዩት ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ ያደሩት ይህን ሲያስቡ ነው።

«ሙላቱ ሊሞላ ነው» አሉ መቅጃቸውን እያነሡ። «ዞር በዪ፤ ልቅመስ።»

«እማማ፣ ከመቅመስዎ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት። ይቺ ዘንግ በውኃ ውስጥ ያለውን ጨው ትለካለች። ከተማ የምማርበት ቦታ ተውሼ ነው ያመጣኋት።»

«ይቺ?» እማማ ሳይዩት ዘንጓን በሁለት ጣት ያዟት። «ይቺ ጨው በልታ ታውቃለች? ወልዳ ታውቃለች? ችግኝ ሲነድድ አይታ አልቅሳ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያስ በምኗ ነው ውኃ የምታውቀው?»

«ስለማታለቅስ ነው እማማ። ብትደክምም ያው ናት፣ ብትታመምም ያው ናት፤ ለማንም አታዳላም። እኔ ግን የእርስዎን ምላስ ተጠራጥሬ አይደለም…»

«መጠራጠርሽማ ነው። ያልተጠራጠረ ሰው በጠዋት ተነሥቶ ድንጋይ ላይ በሆዱ አይተኛም።»

ኪትዪንግ አንገቷን ደፋች። የተማረች ብትሆንም ስድ አይደለችም፤ በእኛ መንደር መራመድ ያስተማሯት እኚሁ ሴት ናቸው። ከዚያ ቀና አለች።

«እውነት ነው፤ ተጠራጥሬያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን የተጠራጠርኩትን ሳልነግርዎ ብሄድ ይሻላል?»

እማማ ሳይዩት ከወገባቸው የታጠቁትን ገመድ ፈቱና አንዱን ጫፍ በልጅቷ ወገብ ዙሪያ አሰሩት፤ ሌላውን ከበሩ መዘውር ምሰሶ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የምትለኪ ከሆነ ታስረሽ ነው የምትለኪው። ለአያትሽ ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ ሞቼ እዚያ ስንገናኝ?»

በዚህ ጊዜ ጎረቤታቸው ፎክ ከግድቡ ላይ ወረደ። የበሩን መዘውር የሚያዞረው እሱ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ሆዱ የገፋ፣ ሲሄድም የሚበላ ሰው ነው፤ አሁንም ከላስቲክ ከረጢት የሩዝ ጥቅልል እያወጣ ይጎርሳል። የታሰረችውን ልጅ አየና ቆመ።

«እትዬ ሳይዩት፣ ዘንድሮ ሌባ በጠዋት ነው የሚይዙት?»

«ዝም በል። ይቺ ልጅ ምላሴን ልትመረምር ከከተማ ተልካ መጥታለች።»

«ማንም አልላከኝም፣ ጋሽ ፎክ። ውኃውን እየለካሁ ነው። እዩት።»

ኪትዪንግ ተመልሳ ተኛችና ዘንጓን ከውኃው ፊት ላይ ነከረቻት። በሽቦው ሌላ ጫፍ ካለችው ትንሽ ሳጥን ላይ ቁጥር ወጣ። «ዜሮ ነጥብ ስድስት» አለች። «ይሄ ጥሩ ውኃ ነው። ችግኝ እስከ ሁለት ድረስ ይችላል፤ ከሁለት ካለፈ ያልቃል።»

እማማ ሳይዩት መቅጃቸውን ነክረው ቀዱ። ጉንጫቸውን ሞልተው ያዙ፤ ዐይናቸውን ከደኑ፤ በስተግራ ተፉ። «ጣፋጭ ነው» አሉና ፎክን አዩት። «አየህ? እኔም ያለ ሽቦ ይኸንኑ ነው የምለው። በል፣ በሩን ክፈተው።»

«ይቆዩኝ፣ ጋሽ ፎክ። ገና አልጨረስኩም።»

ሽቦውን እየለቀቀች ዘንጓን ወደ ታች አወረደቻት። ሽቦው ረዘመ፤ ከዚያ ልል አለ፤ ጭቃውን ነክቷል። ኪትዪንግ ሳጥኑን ወደ እማማ ሳይዩት አዞረችላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ፊደልም ቁጥርም የተማሩት እዚሁ ግድብ ላይ፣ በሥራ እረፍት፣ ጭቃ ላይ በእንጨት እየጻፉ ነው፤ ያንንም በኩራት ነው የሚያወሩት።

«አራት… ነጥብ… አንድ» ብለው አነበቡ።

«አራት ነጥብ አንድ። ከላይ ጣፋጭ፣ ከታች ጨው። ጨዋማ ውኃ ስለሚከብድ…»

«ይሄንንማ አንቺ ልትነግሪኝ አትችዪም» አሉ እማማ ሳይዩት ቆጣ ብለው። «ጨው ውኃ ከታች ነው የሚተኛው፤ እንደ ሰነፍ ባል፣ ሥራ ሲኖር ወለል ላይ ተዘርግቶ። ይህን የማያውቅ የቦይ ሰው የለም።»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ፎክ እየጎረሰ።

«ካወቁት አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፣ እማማ። የሚቀምሱትን ውኃ ከየት ነው የሚቀዱት?»

«ከቦዩ ነዋ። ከሻይ ቤት ልቅዳ?»

«ከላይ ወይስ ከታች?»

«ከላይ። አማቴም ከላይ ነበር የምትቀዳው። የአማቴም አማት…»

«በሩስ ሲከፈት ውኃ የሚያስገባው ከየት በኩል ነው?»

የእማማ ሳይዩት ዐይን ከልጅቷ ወደ መዘውሩ፣ ከመዘውሩ ወደ ብረቱ በር ሄደ። የብረቱ በር አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ መዘውሩ ሲዞር ከሥር ይነሣል፤ ውኃው ከሥሩ ይገባል። ይህን ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ ርችት ተተኩሶ፣ እሳቸው ራሳቸው ቀይ ጨርቁን ቆርጠው ነው ያስመረቁት። ከዚያ በፊት የነበረው በር ግን የሳንቃ ነበር። አምስት ወፋፍራም ሳንቃዎች፣ በድንጋዩ ጎን በተፈለፈለ መስመር ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ይቆማሉ። ውኃ ማስገባት ሲፈለግ የላይኛው ሳንቃ ይነሣል፤ የሚገባውም የላይኛው ውኃ ብቻ ነው።

«ሃያ ሦስት ዓመት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሩ ተለወጠ፤ እኛ መቅጃችንን አልለወጥንም። የላዩን ቀምሼ የታቹን ሳስገባ ኖርኩ ማለት ነው?»

«ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በሩን ያቆሙትም ይህን አላሰቡትም፤ ቀማሿንም መጥቶ የጠየቃት የለም። ደግሞ ድሮ ወንዙ ጉልበት ነበረው፤ ጨዉን ራሱ ገፍቶ ያወጣው ስለነበር ስሕተቱ አልታየም። አሁን ነው ወንዙ በበጋ እየደከመ፣ ጨዉም ወደ ውስጥ ርቆ መግባት የጀመረው።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያበቃ ነበር። እማማ ሳይዩት ግን ኩራተኛ ናቸው፤ ኩራታቸውም ከንቱ ኩራት አይደለም፤ አርባ ዓመት ሃያ ሁለት ቤተሰብ አብልቷል።

«ከታች ቀድተሽ አምጪልኝ» አሉ። «በቁጥር ሳይሆን በምላሴ ልወቀው። ጨው ከሆነ እኔው ጨው ነው እላለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮም ከታች እቀዳለሁ። ያኔ ሽቦሽን ጠቅልለሽ ትወስጃለሽ።»

ኪትዪንግ ጠርሙስ ላይ ድንጋይ አሠረች፤ ውታፉን በክር አያይዛ ወደ ታች ሰደደችው፤ ከጭቃው ሲደርስ ክሩን ሳበች። የወጣው ውኃ እንደላይኛው የጠራ ነበር፤ በዐይን አይለይም። እማማ ሳይዩት ተቀበሉ። ጉንጫቸውን ሞሉ። ዐይናቸውን ከደኑ። ከወትሮው ረዘም አድርገው ያዙት፤ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሱት፤ በስተግራ ተፉት።

«ጣፋጭ ነው» አሉ። ፊታቸው በራ። «አየሽ የኔ ልጅ፣ መሣሪያሽ ነው የታመመው። ጣፋጭ ነው። ፎክ፣ ክፈት።»

ፎክ ግን ወደ መዘውሩ አልሄደም። ጠርሙሱን ከእጃቸው ወሰደና ትንሽ ጎረሰ። ወዲያው ዞሮ ተፋ፤ የያዘውን ጥቅልል ወደ ከረጢቱ መለሰው። እሱ ምግብ ሲመልስ ያየ ሰው የለም።

«ተናገር» አሉ እማማ ሳይዩት።

«እትዬ፣ ትንሽ…»

«ምላሴ ነው እንጂ ጆሮዬ አልሞተም። ተናገር።»

«የጨው ዓሣ ያደረበት ውኃ ነው የሚመስለው።»

ውኃው ድንጋዩን እየላሰ ከፍ ይላል። እማማ ሳይዩት ጠርሙሱን መልሰው ወሰዱና እንደገና ቀመሱ። ሦስተኛ ጊዜ ቀመሱ። ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሾርባዬስ?» አሉ።

ፎክ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እራቱን የሚበላው እሳቸው ቤት ነው።

«ፎክ፣ ሾርባዬስ እንዴት ነው?»

«ሾርባዎ ጥሩ ነው። ብቻ… ቤት ስገባ ውኃ እጠጣለሁ።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ጆግ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካቻምና ከጀልባ በዓል ወዲህ።»

«ምራቴም ማሰሮ ውኃ ከጎኗ የማይጠፋው ለዚህ ነው? እኔ ሙቀት ነው የሚያስጠማት ብዬ ማራገቢያ ገዛሁላት።» ቀና ብለው አዩት። «ከአዲስ ዓመት በኋላ የነደደብህ ሰላጣስ? ማዳበሪያው ነው ያልከኝ?»

ፎክ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። «ማዳበሪያው አልነበረም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በምን አፌ? እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ሲሞት ያበላችሁኝ እርስዎና አማትዎ ናችሁ። ሄጄ ምላስዎ ሞቷል ልበልዎ? አንድ ማሳ ሰላጣ ነው፤ ይቅር አልኩ። ለሌሎቹም ማዳበሪያው ነው አልኳቸው።»

«ዛሬስ? በሃያ ሁለት ቤተሰብ ችግኝ ላይ ጨው ውኃ ሳስከፍት ዝም ልትል ነበር?»

ኪትዪንግ በገመድ እንደታሰረች ተንበርክካ ወደ እሳቸው ቀረበች።

«ጋሽ ፎክ ያከበሩዎት መስሏቸው ነው። ግን እማማ፣ ማክበርማ ቢሆን ኖሮ ይነግሩዎት ነበር። የማይነገረው ሰው እኮ ሕፃን ወይም እንግዳ ነው። እርስዎ ሁለቱንም አይደሉም። የምላስዎ ነገር ደግሞ ውርደት የለበትም፤ ከዕድሜም ይመጣል፣ ለደም ግፊት ከሚወስዱት ክኒንም ሊመጣ ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄደን እንጠይቃለን፤ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ነገር በዝምታ ተበላሽቷል። ታላቅ ሰው ሲሳሳት አንገት ደፍተን እናልፍና፣ ቤት ገብተን ጆግ ሙሉ ውኃ እንጠጣለን። ጉዳቱ ግን በሾርባ አይቀርም፤ ሰላጣው ይነድዳል፣ ከሰላጣውም ቀጥሎ ሩዙ።

«እሺ» አሉ እማማ ሳይዩት በመጨረሻ፣ ዐይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ዘንግሽ አውቃለች እንበል። እንግዲህ ዘንግሽን ጠይቂልን፤ ምን እናድርግ?»

ኪትዪንግ ወደ ውኃው አየች። የተማረ ሰው የማያውቀውን አላውቅም ሲል ከሁሉ ይልቅ ያኔ ይታመናል። «ዘንጓ ቁጥር ነው የምትሰጠኝ፣ እማማ። ማድረግ ያለብንን አትነግረኝም። ከታች ጨው ነው፤ በሩ የሚከፈተው ከታች ነው። አትክፈቱ ከማለት ሌላ አላውቅም። ካልከፈትን ደግሞ…» አልጨረሰችውም።

እማማ ሳይዩት በሩ የቆመበትን ድንጋይ ሲያዩ ቆዩ። ከብረቱ በር ፊት ለፊት፣ በግራና በቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጎድጓዳ መስመር አለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሸርጣን ሲያድርበት፣ የድንጋይ ሽበት ሲበቅልበት ኖሯል።

«ፎክ» አሉ። «የሳንቃው መስመር ተደፍኗል?»

ፎክ ረጅም እንጨት አንሥቶ ከላይ እስከ ታች ፈተገው። ጭቃና ቀንድ አውጣ ወጣ። «ክፍት ነው። ጭቃ ብቻ ነው ያለው።»

«ሳንቃዎቹ በብረቱ በር ፊት ቢቆሙና የታችኛውን ውኃ ቢይዙት፣ ብረቱ ሙሉ በሙሉ ቢነሣ እንኳ የሚገባው በሳንቃው አናት የሚፈስሰው ብቻ ነው። የላይኛው። ጣፋጩ።»

ኪትዪንግ ብድግ ስትል ገመዱ መልሶ አስቀመጣት። «እማማ፣ ይሄ እኮ… ይሠራል። በደንብ ይሠራል። ግን ሳንቃዎቹ አሁን ከየት ይመጣሉ? ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ?»

«እኔ ቤት ናቸው።»

«የት? አይቻቸው አላውቅም።»

«ተኝቼባቸው እንዴት ታዪያቸዋለሽ?» አሉ እማማ ሳይዩት። «አልጋዬ ናቸው።»

የብረቱ በር የተተከለ ዕለት ሳንቃዎቹ ለማገዶ ሊፈለጡ ነበር። እሳቸው ናቸው ግድቡ ላይ ተቀምጠው አላስነካም ያሉት። ለምን ሲባሉ፣ ምናልባት ቢያስፈልግስ ብለው መለሱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። የሚፈራ ሰው የሚጥለው ነገር የለውም፤ እነሆ ፍርሃታቸው ለዚህ ቀን ጠቀመ።

ፎክ ባለ ሦስት እግር ጋሪውን አምጥቶ ሳንቃዎቹን ጫነ። ልብስና ፍራሹ ወለል ላይ ቀረ። እንጨቱ ከብረት የሚከብድ፣ በውኃ የጠቆረ ነው፤ በያንዳንዱ ጫፍ ላይ አማታቸው በቢላ የቆረጡት ምልክት አለ፣ ከአንድ እስከ አምስት። እማማ ሳይዩት ተው ቢባሉም የአንዱን ጫፍ ይዘው ወረዱ፤ እየወረዱም ፎክን ወገብህን ጠብቅ፣ ኪትዪንግን ጣትሽን ጠብቂ ይላሉ።

«ስንት ሳንቃ እናስገባ?» አለ ፎክ።

ኪትዪንግ ዘንጓን በስንዝር በስንዝር እያወረደች ለካች። ዜሮ ነጥብ ስድስት፤ ዜሮ ነጥብ ሰባት፤ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፤ ከዚያ በድንገት ሁለት ነጥብ ስምንት። «ጨዉ የሚጀምረው እዚህ ነው» ብላ ሽቦውን በጣቷ ያዘች። «ከዚህ በታች ያለው በሙሉ መታገድ አለበት።»

እማማ ሳይዩት ሽቦውን ተቀብለው ከድንጋዩ ጋር አስተያዩት። «በሦስት ሳንቃ ይታገዳል። ግን አራት አድርጉ፤ ሙላቱ ገና ይጨምራል፣ ጨዉም አብሮት ከፍ ይላል።»

«ይሄን እንዴት አወቁ?» አለች ልጅቷ።

«ይሄንን በምላስ አይደለም የማውቀው» አሉ ኮራ ብለው።

አራቱ ሳንቃዎች አንድ በአንድ ወረዱ፤ ከመስመራቸው ሲገጥሙ እንደ ከበሮ ድም ይላሉ። አምስተኛው ቀረ። ፎክ መዘውሩን አዞረ፤ ብረቱ ከሥሩ ተነሣ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ውኃው በአራተኛው ሳንቃ አናት ላይ፣ እንደ ጨርቅ ስስ ሆኖ፣ ወደ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። ፎክ እጁን መዘውሩ ላይ አድርጎ፣ ኪትዪንግ ዘንጓን ይዛ፣ ሁለቱም እማማ ሳይዩትን አዩ። ከልማድ የተነሣ ቃሉ ከእሳቸው ነው የሚጠበቀው።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «ሳጥኑን ወዲህ በዪ።»

ኪትዪንግ ዘንጓን በውስጥ በኩል፣ ወደ ማሳው በሚሄደው ውኃ ውስጥ ነከረችና ሳጥኑን ሰጠቻቸው። እማማ ሳይዩት መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ዜሮ ነጥብ ሰባት» አሉ ጮክ ብለው፣ ግድቡ ላይ መሰብሰብ የጀመሩት ጎረቤቶች ሁሉ እንዲሰሙ። «ይከፈት።»

ችግኙ ያን ዕለት ጠገበ። እማማ ሳይዩትም እዚያው ድንጋዩ ላይ ቆመው ጎረቤቶቹን አስቆሙና፣ የምላሳቸውን ነገር፣ የበሩን ነገር፣ የፎክን ሰላጣ ነገር አንድም ሳይደብቁ ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በበሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በዘር ወር ጠዋት ጠዋት ሁለት ቁጥር ይጻፍበታል፤ የላዩና የታቹ። ማንም ገበሬ ሲያልፍ አይቶ፣ ስንት ሳንቃ እንደሚገባ ራሱ ያውቃል። ሥራው በአንድ ሰው አፍ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ቀርቶ፣ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች መለካት ተምረዋል፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አለ። በዚያው በጋ በሌሎች ቦዮች ዳር ብዙ ችግኝ ሲነድድ፣ ከአሥራ አምስተኛው አንድ መደብ አልጠፋም፤ የአሥራ ስድስተኛውና የአሥራ ሰባተኛው ሰዎችም መጥተው አይተው፣ የድሮ ሳንቃቸውን ከየጓሮው መፈለግ ጀምረዋል። በእማማ ሳይዩት ቤት ሾርባው ላይ ጨው የምትጨምረው ምራታቸው ናት። እሳቸውም ቀማሽ መሆናቸው ስለቀረ፣ በዘር ወር የጨው ዓሣ ይበላሉ፤ ጣዕሙ ባይሰማቸውም ሽታው ይበቃኛል ይላሉ። ገመዱ ግን አልቀረም፤ የሚለካ ሁሉ ታስሮ ነው የሚለካው።

የዚያን ዕለት ጎረቤቶቹ ከተበተኑ በኋላ ኪትዪንግ ገመዷን እየፈታች አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እማማ፣ አልጋዎን እኮ ውኃ ውስጥ ጨመርነው። ዛሬ የት ሊተኙ ነው?»

«መሬት ላይ።»

«መሬት ላይማ አይሆንም። በዚህ ዕድሜዎ ብርድ ይመታዎታል። እኛ ቤት ይምጡ።»

እማማ ሳይዩት አምስተኛውን ሳንቃ ከጭቃው አነሡና በእጃቸው ጠረጉት። ከዚያ ከግድቡ እስከ ሰማዩ ጥግ የተዘረጋውን አረንጓዴ አዩ፤ በእግራቸውም መሬቱን ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

«ይሄን እኔና አያትሽ ነን በቅርጫት ያመጣነው» አሉ። «ብተኛበት ምን ያደርገኛል?»